ስለ እርጅና መድኃኒት የተሰጠ እርማት

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበሩ የትምህርት ኮሚቴ ስለ አንድ የሳይንስ ጉዳይ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ርእሱን ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርሁም። ባለፈው ክረምት በገዛ አገሬ፣ በገዛ ዘመዶቼ ፊት ተሳስቼ የተናገርሁት ነገር ነበረና እሱን ማረም እፈልግ ነበር። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ግማሹ ትምህርት፣ ግማሹ ኑዛዜ ነው ብትሉኝ አልቀየምም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። በመካከላችሁ የጋይንትና የስማዳ ልጆች ስላላችሁ ለእነሱ አገሩን ማስተዋወቅ አያሻኝም። ለሌሎቻችሁ ግን ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥቶ እስከ ዐባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ፣ ደጋው ገብስና ድንች፣ ቆላው ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል፣ ዝናብ ሲቀርበት ደግሞ ቶሎ የሚቸገር አገር ነው ብል ይበቃል።

አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ስለ ሰው ጂኖች የሚናገር ጽሑፍ ሳገላብጥ «ኢ.ኤስ.ቲ. 1ኤ» የሚል ስም አየሁ። ሦስቱ ፊደሎች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የአገሬን ስም ለመሙላት የምትቀራቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ማንበብም ጀመርሁ። ስሙ ከእስቴ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ «እያደር የሚያጥሩ ቴሎሜሮች» ከሚል የእንግሊዝኛ አባባል የተወሰደ ነው። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲንም «ቴሎሜሬዝን የሚይዝ ፕሮቲን» ተብሎ ተመዝግቧል። የመጀመሪያውን ግማሽ አነበብሁ፤ ፈተና ስለ ደረሰ ሁለተኛውን ግማሽ ተውሁት። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ክረምት ገብቶ ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ «ምን ተማርህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የእርጅና ምክንያት ተገኝቷል። በሰውነታችን ውስጥ ያለ አንድ ክር ጫፉ እያጠረ ሲሄድ ነው የምናረጀው፤ ያን ጫፍ መልሶ የሚያስረዝም ነገር ፈረንጆች አግኝተዋል» አልሁ። ሰዎቹ ተደነቁ፤ እኔም በመደነቃቸው ደስ አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ታላቁ አጎቴ ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ፣ ያ ያልኸው መድኃኒት ዋጋው ስንት ይሆናል?» አሉኝ። «አያ፣ ምን ሊያደርግልዎ?» ብላቸው፣ «ጉልበቴም ደከመ፣ ዐይኔም ደከመ፤ እርፍ ስጨብጥ ፈሩን አላየውም። ቀዩን በሬ መካነ ኢየሱስ ገበያ አውጥቼ ልሸጠው አስቤአለሁ» አሉኝ።

ከጥንዱ አንዱን በሬ የሸጠ ገበሬ በዚያ ዓመት ምን እንደሚሆን ለዚህ ስብሰባ ማስረዳት አያስፈልግም። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እንኳ ደፍሬ «የለም» አላልሁም፤ «እስኪ ልጠይቅ» ብዬ አመለጥሁ። የተውሁትን ግማሽ ለማንበብ የተመለስሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ቴሎሜር ያስረዝማሉ እየተባሉ በውድ ዋጋ የሚሸጡ ክኒኖች በዓለም ገበያ መኖራቸውንም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ያነበብሁትን ከሥሩ ልንገራችሁ።

የሰው ሴል በውስጡ 46 ክሮሞሶሞች አሉት። እያንዳንዱ ክሮሞሶም የተጠቀለለ ረጅም የዲ.ኤን.ኤ. ክር ነው፤ ክርም በመሆኑ ሁለት ጫፍ አለው። ኸርማን ሙለር የተባለው የዘር ትምህርት ሊቅ በ1938 ለነዚህ ጫፎች «ቴሎሜር» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ቃሉ «ጫፍ» እና «ክፍል» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። በዚያው ዘመን ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ስታጠና አንድ ነገር አስተዋለች። የተሰበረ ክሮሞሶም ጫፉ ከሌላ ስብራት ጋር ይጣበቃል፤ ተፈጥሮአዊው ጫፍ ግን አይጣበቅም። ስለዚህ በጫፉ ላይ የሚከላከል ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ነገር የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። የብራና ጸሐፊ ፊደሉን እስከ ቆዳው ዳር አያደርስም፤ ዙሪያውን ባዶ ኅዳግ ይተዋል። መጽሐፉን የሚገልጥ ጣት፣ እድፍና እርጥበት መጀመሪያ የሚያገኙት ኅዳጉን ነው፤ ኅዳጉ ቢበላም ቃሉ አይጠፋም። ቴሎሜርም የክሮሞሶም ኅዳግ ነው። የሰው ቴሎሜር ቲ፣ ቲ፣ ኤ፣ ጂ፣ ጂ፣ ጂ የሚሉ ስድስት ፊደሎች በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ እየተደጋገሙ የተሠራ መሆኑ በ1988 ታወቀ። እነዚህ ፊደሎች የፕሮቲን አሠራር የሚናገሩ አይደሉም፤ ዳር ጠባቂዎች ናቸው።

ይህ ኅዳግ ለምን ያጥራል? አሌክሲስ ካሬል የተባለ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሐኪም ከ1912 ጀምሮ ከዶሮ ልብ የተወሰዱ ሴሎች በብርጭቆ ውስጥ ያለ ሞት እየተራቡ ይኖራሉ ብሎ ነበር፤ ሴሎቹ ለ34 ዓመት እንደ ኖሩ ተነገረ፤ ዓለምም አመነ። ሌሎች ሰዎች ግን ሥራውን ሊደግሙት አልቻሉም። በ1961 ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በፊላደልፊያ ከተማ የሰው ሴሎች 50 ጊዜ ያህል ከተከፈሉ በኋላ መከፈል እንደሚያቆሙ አሳዩ። የታወቀ ሰው የተናገረው ስሕተት ሳይታረም ግማሽ ምእት ዓመት ያህል መቆየቱን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሌክሲ ኦሎቭኒኮቭ የተባለ ሩሲያዊ የሄይፍሊክን ሥራ በትምህርት ጉባኤ ሰምቶ ሲመለስ፣ በሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሳለ ምክንያቱ ታየው፤ በ1971ም አሳተመው። የጋይንት ገበሬ ያለ ባቡርም ያውቀዋል። በሬዎች ጠምደን ስናርስ የእርሻው ጫፍ፣ በሬዎቹ የሚዞሩበት ስፍራ፣ ሳይታረስ ይቀራል። ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚገለብጠው ኢንዛይምም እንደዚሁ ነው። ሥራውን ለመጀመር የሚቆምበት መነሻ ያስፈልገዋል፤ የመጨረሻዋ መነሻ ስትነሣ በስፍራዋ የሚተካ የለም። ስለዚህ ሴል በተከፈለ ቁጥር ከጫፉ ጥቂት ሳይገለበጥ ይቀራል።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ስንተላለፍ እንዴት አላለቅንም? መልሱ የተገኘው በኩሬ ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባለ አንድ ሴል ፍጡር ነው። ኤልዛቤት ብላክበርን በ1978 የዚህን ፍጡር ቴሎሜር ፊደሎች አነበበች። ተማሪዋ ካሮል ግራይደር ደግሞ በ1984 በፈረንጆች የገና ዕለት በላቦራቶሪ ውስጥ ጫፉን መልሶ የሚቀጥል ኢንዛይም ምልክት አየች። ይህ ኢንዛይም ቴሎሜሬዝ ተባለ። የራሱን ናሙና በአር.ኤን.ኤ. መልክ በውስጡ ይዞ ይዞራል፤ ያን እያየ የጎደለውን ይጽፋል። ሁለቱ ሴቶች ከጃክ ሾስታክ ጋር በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን ወደ ፕሮቲናችን ደረስን። በ1989 ቪክቶሪያ ላንድብላድና ጃክ ሾስታክ፣ ጠጅን በሚያፈላው ዐይነት እርሾ ላይ አንድ ጂን አገኙ። ይህ ጂን የተበላሸበት እርሾ ለጊዜው ምንም አይሆንም፤ እየተራባ በሄደ ቁጥር ግን ቴሎሜሩ ያጥራል፤ ከብዙ ዐሥር ትውልድ በኋላም አብዛኛው ይሞታል። ጂኑን ኢ.ኤስ.ቲ. 1 አሉት። ከሱ የሚሠራው ፕሮቲን ራሱ ጫፍ አያስረዝምም፤ የማስረዘሙ ሥራ የሌላ ፕሮቲን ነው። ይህኛው የቴሎሜሬዝን አር.ኤን.ኤ. ይዞ ወደ ክሮሞሶሙ ጫፍ ያደርሰዋል። ዐይኑ የደከመ አናጺን እጁን ይዞ ወደሚያፈሰው ጣራ እንደሚመራ ልጅ ነው።

በ2003 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፣ አንዱ በስዊዘርላንድ አገር በሎዛን፣ ሌላው በካናዳ አገር በቶሮንቶ፣ የዚህን ፕሮቲን ዘመድ በሰው ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ጂኑ በ17ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ፣ ወደ ጫፉ ተጠግቶ ይገኛል፤ ፕሮቲኑም 1419 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ትልቅ ፕሮቲን ነው። በእውነትም ቴሎሜሬዝን ይይዛል። እኔ ያነበብሁት እስከዚህ ነበር።

ያላነበብሁት ምን ይላል? የሎዛኑ ቡድን ይህን ፕሮቲን ከልክ በላይ እንዲበዛ በሴሎች ውስጥ ሲያሠሩት የክሮሞሶም ጫፎች መከለያቸውን አጡ፤ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ እንዳየችው እርስ በርሳቸው ተጣበቁ። ጫፍ ለማስረዘም ይረዳል የተባለው ነገር ሲበዛ ጫፍ አጥፊ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ደግሞም ከዓመታት በኋላ በሰው ሴል ውስጥ ቴሎሜሬዝን ወደ ጫፉ የመጥራቱን ዋነኛ ሥራ የያዘው ቲ.ፒ.ፒ. 1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። በእርሾ ጂን ላይ የታየው ሥራ በሰው ላይ እንዳለ አልተገኘም።

የኛ ፕሮቲን ታዲያ ዕለት ዕለት ምን ይሠራል? ሁለተኛ ስም አለው፤ ኤስ.ኤም.ጂ. 6 ይባላል። ይህ ስም የመጣው በአንዲት ትንሽ ትል ላይ ከተደረገ ጥናት ሲሆን የሚያመለክተውም ሌላ ሥራ ነው።

ጂን በሴሉ ውስጥ እንደ ተቀመጠ መጽሐፍ ነው፤ ከቦታው አይነሣም። ፕሮቲን በሚያስፈልግ ጊዜ ከመጽሐፉ የሚፈለገው ክፍል ብቻ በአር.ኤን.ኤ. ይገለበጥና ፕሮቲን ወደሚሠራበት ስፍራ ይላካል። በመልእክቱ መጨረሻ ላይ «እዚህ ላይ አቁም» የሚል ምልክት አለ። አንዳንድ ጊዜ ግን በስሕተት ይህ ምልክት በመልእክቱ መካከል ይገባል። እንዲህ ያለው መልእክት ቢነበብ ጎደሎ ፕሮቲን ይሠራል፤ ጎደሎው ፕሮቲን ደግሞ ሥራ አለመሥራቱ ብቻ ሳይሆን ደኅናውን ሊያውክ ይችላል። በዘር ከሚተላለፉት በሽታዎች መካከል ሲሶ ያህሉ እንዲህ ካለ ያለ ጊዜው ከገባ የማቆሚያ ምልክት ጋር የተያያዙ ናቸው ተብሎ ይገመታል።

ሴሉ ግን አራሚዎች አሉት። ዩ.ፒ.ኤፍ. 1 የሚባል ፕሮቲን ስሕተቱን ይጠቁማል፤ ኤስ.ኤም.ጂ. 6 ይመጣና በጅራቱ በኩል ባለው እንደ መቀስ ያለ ክፍል መልእክቱን ከስሕተቱ አጠገብ ይቆርጠዋል። ቁርጥራጩን ሌሎች ኢንዛይሞች ይበሉታል። ቆራጩ እሱ ራሱ መሆኑ በ2008ና በ2009 በታተሙ ሥራዎች ተረጋግጧል። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህ ጂን የሌላቸው የአይጥ ጽንሶች ገና በማለዳው እንደሚሞቱ፣ ከነሱ የተወሰዱ ሴሎችም ወደ ልዩ ልዩ የአካል ክፍል ለመለወጥ እንደሚሳናቸው አሳየ።

የጋይንት ልጆች ቤተልሔምን ታውቃላችሁ። ድጓ የተማረ ሰው ከየአገሩ መጥቶ የሚያስመሰክርባት ስፍራ ናት። ተማሪው መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ምልክቱን አስገብቶ፣ ቃልና ዜማውን ከመምህሩ ፊት ያሰማል። መምህሩ ካልመሰከረለት አይወጣም፤ ምክንያቱም አንድ የተሳሳተ መምህር ሲወጣ ስሕተቱን መቶ ደቀ መዝሙር ይዞት ይወጣል። ኤስ.ኤም.ጂ. 6 በሴላችን ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከዚህ የሚቀርብ ይመስለኛል። የድጓው መምህር ተማሪውን መልሶ ያቃናዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ በዚህ ይለያያሉ።

ሁለቱ ሥራዎች ፈጽሞ የተለያዩ እንዳይመስሏችሁ። በ2007 ክላውስ አዛሊንና ዮአኪም ሊንግነር ቴሎሜር ራሱ በአር.ኤን.ኤ. እንደሚገለበጥ አሳዩ፤ ይህ ቅጂ በጫፉ ላይ ተጠራቅሞ እንዳይቀር የሚያስለቅቁት እነዚሁ የኤስ.ኤም.ጂ. ፕሮቲኖች መሆናቸውንም ገለጹ። ስለዚህ ፕሮቲናችን በጫፉም ዘንድ የሚሠራው ከማስረዘም ይልቅ የማጽዳት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ አጎቴ እመለሳለሁ። ማስረዘሙስ ቢቻል መልካም ነውን? በሰውነታችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሴሎች ቴሎሜሬዝን ዘግተውታል። በ1994 በታተመ ጥናት የካንሰር እብጠቶች ሲመረመሩ ግን ከመቶ 85 እስከ 90 በሚሆኑት ውስጥ ቴሎሜሬዝ ሲሠራ ተገኘ። ካንሰር ማለት ያለ ልክ የሚራባ ሴል ነውና፣ ኅዳጉን መሙላት ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ቴሎሜራቸው በዘር ምክንያት እጅግ ያጠረባቸው ሰዎች አሉ፤ መቅኔያቸው ደም መሥራት ያቅተዋል። እንግዲህ ማጠሩም በሽታ ነው፤ ልክ ማጣቱም በሽታ ነው። ሰውነት የሚኖረው በልኩ ነው። በክኒን ጫፉን ላስረዝም የሚል ሰው የትኛውን ሴል እንደሚያስረዝም አያውቅም።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ወደ አጎቴ ተመለስሁ። «አያ፣ ተሳስቼ ነው የነገርሁዎ። የእርጅና መድኃኒት የለም። በሬውን እንዳይሸጡት» አልኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያም «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርኸኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገር ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አጎቴ ወጣት ልሁን አላሉኝም፤ ፈሩን አላየውም ነው ያሉኝ። ዐይናቸውን ቀረብ ብዬ ባየው በብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ነበረበት። ወደ ሐኪም ወሰድናቸው፤ የዐይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። የዐይን ሞራ በዐይን ውስጥ ያለው ብርሃን አሳላፊ ምስር ፕሮቲኑ ተበላሽቶ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው፤ የደፈረሰው ወጥቶ በስፍራው ሰው ሠራሽ ምስር ይገባል። ሥራው ብዙ ሰዓት አይወስድም። በመስከረም ቀዩ በሬ ከጓደኛው ጋር ተጠምዶ ነበር፤ አጎቴም ፈሩን ያዩት ነበር። እኔ ስለ ቴሎሜር ስደሰኩር መድኃኒት ያለው በሽታ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቡና ይጠጣ ነበር።

ጓደኞቼ፤ በ1990 የኢትዮጵያ ሕዝብ አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ወደ 65 ዓመትና ከዚያም በላይ ደርሷል። ይህን ያመጣው ቴሎሜሬዝ አይደለም። ክትባት፣ ንጹሕ ውሃ፣ የወባ አጎበር፣ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ደኅና የወለደች እናትና የጠገበ ሕፃን ናቸው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ዕድሜ እንዲረዝም የሚፈልግ ሰው ሥራው ከነዚህ ዘንድ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ስል የቴሎሜርን ጥናት ማናናቄ አይደለም። ይህ ጥናት ካንሰርን ለማወቅና ለማከም ይረዳል፤ በዘር የሚተላለፍ በሽታንም ያስረዳል። ከኛ መካከል ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል። የምለው ሌላ ነው። እኛ ከዩኒቨርስቲ ወደ ገጠር የምንላክ መልእክቶች ነን። ገበሬው መጽሐፉን ከፍቶ ሊያመሳክር አይችልም፤ የሚያነበው እኛን ነው። በመካከል ላይ «አቁም» የሚል ምልክት የገባብን፣ ግማሹን ብቻ የያዝን መልእክት ከሆንን ከዚያ የሚወጣው ጎደሎ ነገር ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው የኛ ስም ሳይሆን የአንድ ሰው በሬ ነው። ካሬልን ያላረመው ሊቃውንት የሞላበት ዓለም ነበር፤ እኔን ያላረመኝ የቡና ጎረቤት ነበረ፤ ሁለቱም ያመኑት ተናጋሪውን አክብረው ነው። ስለዚህ አራሚው አስቀድሞ በተናጋሪው ውስጥ መኖር አለበት።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በፈተና ላይ «ቴሎሜሬዝ ምንድን ነው?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ እንመልሳለንም። አንዳንድ ጊዜ «ይህን ለአንድ ገበሬ እንዴት ትነግረዋለህ? ምኑን እርግጠኛ ነህ? ምኑንስ አይደለህም?» ብላችሁ ብትጠይቁን ብዙዎቻችን እንወድቅ ይሆናል፤ መውደቃችን ግን ይጠቅመናል።

አጎቴ ስሸኛቸው የተናገሩትን ነግሬአችሁ ላብቃ። «በሚመጣው ክረምትም ስትመጣ የተማርኸውን ንገረን፤ ብቻ ጨርሰህ ና» አሉኝ። እኔም እስከዚያ ጨርሼ ለማንበብ እየሞከርሁ ነው።